የሁለት አበልጆች ጀልባ

ጀልባችን ስም አልነበራትም። የጀልባ ማቆሚያው፣ ማሪናው ውስጥ ከአጠገቧ የታሰሩት ሁሉ በስተኋላቸው በትልልቅ ፊደል የሚስት፣ የልጅ ወይም የውሻ ስም ተጽፎባቸዋል። የእኛ ብቻ ባዶዋን ነበረች። ስም ጠፍቶላት አይደለም። እኔ «አንተ ሰይማት» አልኩት፤ አበልጄ «የለም፣ ያንተ ምርጫ ይሻላል» አለኝ። እንዲህ ስንባባል አንድ ሙሉ ሰመር አለፈና ነገሩ ተረሳ።

አበልጄ ሁልጊዜ እንዲህ ጨዋ አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። እዚህ አሜሪካ እንደመጣን ላንግሊ ፓርክ አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር፣ ሥራ ቦታ ድረስ ደውሎ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ «አንተ ደንቆሮ፣ ድስቱን ማን ሊያጥብልህ ነው?» የሚል ሰው ነበር። እኔም ስለ ካልሲው ሽታ ፎቁ በሙሉ እስኪሰማ አውጅ ነበር። ሳንጣላ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ኩርፊያችን ግን እራት ድረስ አይዘልቅም። ኋላ እኔ አግብቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ፤ እሱ ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሥራ አግኝቶ ተሻገረ። ወንድ ልጅ ስወልድ ክርስትና አነሳልኝ። የዚያን ዕለት ልጄ ክርስቲያን ሆነ፣ እኛ ደግሞ ጨዋ ሆንን። አበልጅ አይሰደብም፣ አይታዘዝም፣ አይጠረጠርም። አንቱ ለመባባል ትንሽ ነበር የቀረን።

ጀልባዋንም የገዛናት በዚሁ ጨዋነት ነው። አንድ ቅዳሜ እሱ ሰፈር ወንዝ ዳር ስንንሸራሸር፣ ከውሃ ወጥታ መደገፊያ ላይ የተቀመጠች ያረጀች ባለሞተር ጀልባ አየን። ሁለት ሰው የምታስተኛ ካቢን አላት፤ ሽንት ቤቷ ከቁም ሳጥን አይበልጥም፤ መስኮቷ ላይ የምትሸጥ መሆኗ ተለጥፏል። እኔ ዝም ከማለት ብዬ «ቆንጆ ናት» አልኩ። «ወደድካት?» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «አንተ ከወደድካትማ…» አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኛ ሲሉ እንኳ አልሰማንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዋና የማይችሉ ሁለት የጀልባ ባለቤቶች ነበርን። ባለቤቴ ስትሰማ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች፤ እሷው ራሷ ግን ስቃ አልጨረሰችም።

ጀልባ ጨዋ ሰው አትወድም። መኪና ፍሬን አላት፤ ጀልባ ግን ሞተሯን ብታጠፋባትም ነፋሱ ወደወሰዳት ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ ማሰሪያዋ ስትጠጋ አንዱ ማዘዝ፣ ሌላው መታዘዝ አለበት። ጎረቤታችን የነበረው አሜሪካዊ ሽማግሌ ሚስቱ ላይ «ገመድ!» ብሎ ይጮሃል፣ እሷም የባሰ ትጮህበታለች፣ ጀልባቸው እንደ መሳቢያ ሸተት ብላ ትገባለች። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ነበር፦

«ካላስቸገርኩህ ያንን ገመድ…»

«ይቅርታ፣ የቱን?»

«የተመቸህን።»

ጓ! ምሰሶው። ከዚያ «ሶሪ፣ የኔ ጥፋት ነው»፣ «ኧረ የኔ ነው» እንባባላለን። ምሰሶው ላይ የጀልባዋ ቀለም፣ ጀልባዋ ላይ የምሰሶው ስንጥር ነበረ።

ያም ሆኖ ወደድናት። እኔ የምሠራው ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከራሴ በላይ የማየው ኮንክሪት ነው። ትልቁን ድልድይ አልፈን ወደ ታች ስንወርድ ወንዙ እየሰፋ፣ ዳርና ዳሩ እየራቀ፣ አየሩ ጨው ጨው እያለ ወደ ባሕሩ ሲቃረብ፣ ሁለታችንም ዝም እንል ነበር። ያ ዝምታ ጨዋነት አልነበረም። እንደ ላንግሊ ፓርኩ ጊዜ ነበር፣ ስድቡ ብቻ ሲቀር።

ጀልባ ያለው ሰው ግን ከላይዋ ከሚቆይበት ጊዜ ከሥሯ ተንጋሎ የሚቆይበት ይበልጣል። ሆዷ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ የገባውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ በየጊዜው ይታያል። እኛ የሥራ ክፍፍል አልነበረንም፤ መከፋፈል መጠራጠር ይመስላል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ሠርቶት ያገኛል፣ ያመሰግናል፣ ይመርቃል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እኔ የተንጠለጠልኩት እሱ ላይ ነበር፤ እሱም እኔ ላይ።

ሞተሯ የሚቀዘቅዘው የወንዙን ውሃ እየሳበ ነው። ብርዱ ሳይገባ ያ ውሃ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ በረዶ ሆኖ ያብጥና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የጀልባ ባለቤት ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ይህ አይጠፋውም። እኛንም አልጠፋንም። በአንዱ ዓመት መጨረሻ ጀልባዋን ከውሃ አስወጥተን መደገፊያ ላይ አስቀመጥናት፣ ሸራ አለበስናት፣ ተሳስመን ተለያየን። እሱ ቅርብ ስለሆነ ውሃውን ያወጣዋል ብዬ ተውኩት። እሱ ደግሞ አምና ያወጣሁት እኔ ስለነበርኩ ዘንድሮም እንደማወጣው ቆጥሮ ተወው።

ውርጭ እንደሚመጣ በቴሌቪዥን ሲነገር ባለቤቴ «ለምን ኮል አድርገህ አትጠይቀውም?» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ውሃውን አወጣህ ወይ ብለህ ነዋ!»

«ያላመንኩት ይመስለዋል።»

«ታምነው የለ?»

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው ጠይቀዋ!»

ነገሯ ትክክል ስለነበር ተቆጣሁ። መደወሉን ግን ደወልኩለት። ስለ ጤናው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ጀርባው ሕመም፣ ስለ ሥራው ጠየቅሁት። እሱም እንደዚያው እየዞረ ጠየቀኝ። መሐል ላይ «ብርዱ ጠንክሯል» አልኩት። «አዎ፣ ዘንድሮስ ብሷል» አለኝ። ከዚያ ተመራርቀን ዘጋን።

ብርዱ ሲያልፍ የማሪናው ሜካኒክ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ አሳየን። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል። በባትሪ እያበራ ስንጥቁን አሳየንና በእንግሊዝኛ «ውሃውን ማውጣት የማን ሥራ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «የኔ!» አልን ሁለታችንም እኩል። ሰውዬው ብዙ የተሰነጠቀ ሞተር ሳያይ አልቀረም፤ ጥፋተኛ የተትረፈረፈበት ግን ያ የመጀመሪያው መሰለኝ። ራሱን እየነቀነቀ ትቶን ሄደ።

«በቃ የኔ ጥፋት ነው» አልኩ።

«ኖ፣ ኖ፣ የኔ ነው። ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«አምና ለብርዱ ዊንተራይዝ ያደረግኋት እኔ አይደለሁ? የኔ ነው አልኩህ!»

ጥፋት መሻማት የምሳ ሂሳብ እንደመሻማት ነው። ያሸነፈው ትልቅ ሰው ይሆናል፣ የተሸነፈው ያንሳል፤ ማነስ ደግሞ አንዳችንም አልፈለግንም። ድምፃችን እየጨመረ መጣ። በመጨረሻ አበልጄ አመለጠው።

«እኔ መጀመሪያም ላንተ ብዬ ነው የገባሁበት! ጀልባ ለኔ ምኔ ነው?»

«እኔስ?» አልኩ። «እኔስ ላንተ ብዬ አይደል እንዴ?»

ከክርስትናው ወዲህ ያወራነው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር፤ ሁለታችንም አፈርንበት። ብንስቅ ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። አልሳቅንም። ጃኬቱን አነሳና «ደህና ዋል» ብሎኝ ሄደ።

አልተጣላንም። ለጠየቀን ሰው ሁሉ ይህን እንምል ነበር። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል፤ ላልተጣላ ሰው ማን ይልካል? ለልጄ ልደት ስጦታ ይዞ የሚመጣው እኔ ሥራ የምገባበትን ሰዓት ጠብቆ ሆነ። በዓል ሲሆን ይደውላል፤ «እንኳን አደረሰህ» ይላል፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ፣ ያልቃል። አብሮኝ አንድ ፍራሽ የተጋራ ሰው ቀስ እያለ የሩቅ ዘመድ ሲሆንብኝ አየሁ። ጀልባዋ ትቅር፣ እሱን ማጣቱ ነበር የሚያመኝ። ባለቤቴ «ደውልለት» ባለችኝ ቁጥር «ምን ብዬ?» እላታለሁ።

ሞተሩ በሌላ ተተካ። በሰመሩ ብቻዬን ወንዙን ወረድኩ። ድልድዩን አልፌ፣ ውሃው የሚሰፋበት ላይ ስደርስ ዞር ብዬ «አየህ?» አልኩ። አጠገቤ ያለው ባልዲ ብቻ ነበር። ናፈቀኝ። ጨዋው አበልጄ አይደለም የናፈቀኝ፤ ያ ተሳዳቢው ነው። ስመለስ እንደ ልማዴ ምሰሶውን ገጨሁ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረም።

ቅጠሉ ረግፎ አልቆ፣ ጀልባዋም መደገፊያዋ ላይ ከወጣች በኋላ፣ ውርጭ ይጥላል በተባለ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የሱ ቁጥር ነው። በዓል አይደለም። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ሰላምታዬን አዘጋጀሁ፤ ጤናው፣ ሥራው፣ እናቱ።

«ውሃውን አወጣህ?» አለኝ።

«የቱን ውሃ?» አልኩ ደንግጬ።

«የሞተሩን ነዋ! እዚህ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ ሸራዋን እንኳ በቅጡ አላሰርከውም። አንተ ደንቆሮ፣ አውጥተሃል ወይስ አላወጣህም?»

«አላወጣሁም።»

«እና ማን ሊያወጣልህ ነው?»

«አንተ ነሃ!» ብዬ ጮህኩበት። «አፍንጫዋ ሥር ተቀምጠህ ዓመቱን ሙሉ ምን ትሠራለህ?»

«መፍቻውን ይዘህ ቶሎ ና!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለች። «ማን ነው? ማን ላይ ነው የምትጮኸው?»

«አበልጄ ነው።»

«ውይ! ደህና ነው? እናቱስ ደህና ናቸው?»

«እንጃ፣ አልጠየቅሁትም» አልኳት ጃኬቴን እየፈለግሁ። «እሱም አልጠየቀኝም። ደንቆሮ ነው ያለኝ።»

ጃኬቴን ገልብጬ መልበሴን ያወቅሁት ድልድዩ ላይ ስደርስ ነው።