የዋንዛው በር ወደ ስማዳ ሲወርድ

እስቴ ያለው የደብራችን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የብረት በር አለው። መካነ ኢየሱስ ከተማ የተበየደ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ሲዘጋ እንደ ሱቅ መዝጊያ የሚጮኽ ላሜራ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ይፋጃል። ሊሳለሙት የቀረቡ አሮጊቶች ከንፈራቸውን ሲያሸሹ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን በር አምጥተው የተከሉት ሰዎች እንዲመሰገኑ ይፈልጋሉ። እኔ አላመሰግናቸውም።

ከእሱ በፊት የነበረውን የዋንዛ በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ጢሜ ገና ሳይበቅል ነው የሠራሁት፤ ያስተማረኝም ሰው የለም። ፊደልንም ቢሆን ማንም አላስቆጠረኝም፤ ዲያቆናት ሲያነቡ ከኋላቸው ቆሜ ጣታቸውን በዓይኔ እየተከተልሁ ለየሁት፤ ኋላም ዳዊት ደገምሁበት። እጄም እንደዚያው ነው፣ አንድ ጊዜ ያየውን ይይዛል። ወገዳ ገበያ የእኔ ቀንበር ከአህያው ጀርባ ሳይወርድ ገዢ ያገኛል። ይህን የምለው ለመመካት ብቻ አይደለም፤ እውነትም ስለሆነ ነው።

በሩን ከአንድ ግንድ አወጣሁት። ሁለት መዝጊያ ነው፣ ምስማር የለውም፣ ማጠፊያ ብረትም የለውም። ከየመዝጊያው ዳር ላይና ታች እንደ ጆሮ የወጣ ጫፍ አስቀርቼለታለሁ፤ ያ ጫፍ በመቃኑ ጉድጓድ ውስጥ ይዞራል። ያን የሚያህል ሳንቃ በአንድ ጣት ይከፈት ነበር። ሲከፈት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሽማግሌ ከመቀመጫው ሲነሣ እንደሚያሰማው ያለ። የሩቅ አገር አናጢዎች ለበዓል ሲመጡ ጆሮውን በእጃቸው እየዳሰሱ ማን እንዳስተማረኝ ይጠይቁኝ ነበር። ማንም አላስተማረኝም ስላቸው አንዳቸውም አያምኑኝም።

የልማት ኮሚቴ የሚባለው ሲቋቋም ሰብሳቢው አንድ የከተማ ልጅ ሆነ። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፤ እኔን ፋዘር ይለኛል። አባባ ቢለኝ፣ ጋሼ ቢለኝ ምን ነበረበት። አሮጌው በር ይነሣ፣ ዘመናዊ ይግባ ብሎ አስወሰነ። የቤተ ክርስቲያን እንጨት ከተነሣ በኋላ የሰው ቤት መሥሪያ አይሆንም፤ የበግ በረትም፣ የመጠጥ ቤት ጠረጴዛም አይሆንም። ወይ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ ወይ በክብር ይቃጠላል። ስማዳ ቆላ ውስጥ አንድ ድኻ ደብር አዲስ ግንብ እየሠራ ነበር። በራቸው ከሽመል የተታታ ስለነበረ ፍየል እየገፋ ይገባባቸዋል። በሩን ስጡን ብለው ለመኑ፣ ተፈቀደላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። በሩ አይሂድ አላልሁም። የብረቱን መምጣት ተቃውሜያለሁ፤ የዋንዛው መሄድ ከተቆረጠ በኋላ ግን መንገዱን ራሴ ይዤ አወርደዋለሁ ያልሁት እኔ ነኝ። የተናደድሁት በአካሄዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕቃ ቦታ ሲለውጥ መኪና ማግኘት ብቻ ይመስላቸዋል።

ቆላ ያለው ግንበኛ ግድግዳውን ሲያነሣ የበሩን ክፍት ስንት እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረበት። እኔ ደግሞ በክንድ ለክቼ በቃል አልልክም። ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው፤ ግን የማን ክርን? እኔ ረጅም ሰው ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ በደብሩ ከእኔ የሚረዝም የለም። ስለዚህ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዘንግ መርጬ፣ መቃኑን ከዳር እስከ ዳር ለክቼበት፣ ልክ በልኩ ቆረጥሁት። ለሰብሳቢው ሰጠሁትና ይህን ለግንበኛው ላክለት፣ ዘንጉ ተጋድሞ የሚገባበትን ያህል ይክፈት፣ ሌላ ነገር አያስፈልገውም አልሁት። እሺ ፋዘር አለና ተቀበለኝ። ስንት ይሆናል ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። አራት ክንድ ይሆናል ብዬ መለስሁለት፤ ለጠየቀ ሰው መልስ መስጠት ልማዴ ነው።

በጋው ሲገፋ፣ የቆላው ደብር ክብረ በዓል ሲቃረብ፣ በሩን ፈትቼ አወረድሁት። ጆሮዎቹን በጨርቅ ጠቀለልኋቸው። እስከ ወገዳ በአይሱዙ ሄድን፤ መንገዱ መኪናውን ባነሣውና ባወረደው ቁጥር ሳንቃውን በሁለት እጄ እይዘዋለሁ። ከወገዳ ወዲያ መኪና የሚያስገባ መንገድ ስላልነበረ የደብሩ ጎልማሶች መጥተው በትከሻ ተሸከሙት። መሬት አይነካም ብለው ተማምለዋል፤ ዳገት ላይ ሲደክማቸው እንኳ ሌሎች ከሥር እየገቡ ይቀበሏቸዋል እንጂ አያወርዱትም።

በዚያ ቁልቁለት ያየሁትን አልረሳውም። ሰው በሩን እያየ ከየቤቱ ይወጣል። አንድ ገበሬ እህል ከሚያበራይበት አውድማ ወርዶ፣ ከፊቱ ገለባ እየጠረገ፣ ተሸካሚዎቹን ቁሙልኝ አላቸው። በመካከላቸው ገብቶ ሳንቃውን ተሳልሞ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፣ ሜዳ ላይ የቆመ ባዶ በር ነው የተሳለመው። ከእሱ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው እንዲሁ አደረገ። ሰብሳቢው በስልኩ ፎቶ እያነሣ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ይህን በር እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ለሚሳለሙት ሁሉ ነገርኋቸው። አንዳንዱ እጄን ሳመኝ።

ደረስን። መቃኑን አንሥተን ወደ ክፍቱ ስናስጠጋው አልገባም። ክፍቱ በአንድ ስንዝር ጠበበ። ጎልማሶቹ አዘንብለው ሞከሩት፣ አዙረው ሞከሩት። ግንበኛውን አየሁት፤ እጁ ንጹሕ የሆነ፣ ድንጋዩን አሳምሮ የሚያለብስ ባለሙያ ነው፤ ግን አጭር ሰው ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የላክሁት ዘንግ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ምን ዘንግ አለ ግንበኛው፣ አራት ክንድ ነው ብለው በስልክ ነገሩኝ። ወደ ሰብሳቢው ዞርሁ።

«ፋዘር፣ ለአንድ እንጨት ብዬ ሰው ልላክ እንዴ?» አለኝ። «የነገሩኝን ነው የነገርኳቸው።»

ሜትር የሚባለው መለኪያ እኮ ኪሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። በእሱ እንኳ አልለካም። የእኔን ክንድ በስልክ ልኮ በሌላ ሰው ክርን አስገነባው።

ከዚያ የባሰው ቀጥሎ መጣ። መጋዝ አምጡ አለ። ከየመዝጊያው ትንሽ ትንሽ እንቀንሳለን፣ መቃኑንም እናሳጥራለን፣ ማንም አያውቅም አለ። የ«ማንም አያውቅም»ን ነገር ተዉት፤ እኔ አውቃለሁ። በጆሮው ወገን መቁረጥ አይቻልም፤ ጆሮው ከሄደ በሩ አይዞርም። ስለዚህ የሚቆረጠው ሁለቱ መዝጊያዎች የሚገናኙበት የመካከሉ ጠርዝ ነው። ያ ጠርዝ ደግሞ የደብራችን ሰው በግንባሩና በከንፈሩ ሲነካው የኖረ ነው። እዚያ ላይ ዋንዛው ጠቁሮ እንደ ቀንድ ይለሰልሳል፤ ጎድጎድ ብሏልም። እኔ በመሮዬ ያን ያህል ማለስለስ አልችልም ነበር፤ እኔ የማልችለው ነገር ደግሞ ጥቂት ነው።

በሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ስለነበር ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምሁ። መጋዙ በእኔ ላይ ያልፋል አልሁ። ግድግዳው ይፍረስ፣ በግራ በኩል ያለው ድንጋይ ወርዶ በስንዝር ይስፋ።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ፣ ለግንቡ ውኃ ያመላለሱትን ሴቶች ስትመራ የከረመች ናት። ውኃው ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነው፤ በጀርባቸው በጀሪካን ነው ያወጡት። ይህን ሁሉ የቆላው ደብር ቄሰ ገበዝ ቀደም ብለው አጫውተውኛል።

«አንቱ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ይፍረስ የሚሉት ግድግዳ በማን ጀርባ የወጣ ይመስልዎታል? ለእርስዎ ክንድ መርዘም እኛ ገደል እንውረድ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ፣ ዘንግ ቆርጬ እንደሰጠሁ አስረዳኋት። ዘንግዎን አላየሁም፣ የማየው በር ይዘው በር ላይ የቆሙ ሽማግሌ ነው አለችኝ። በዓሉ ደርሷል፤ ቄሰ ገበዙ የተናገሩት ነገር ቢኖር ያለ በር እንዳንውል ብቻ ነው። ሰብሳቢው ነገሩ ወደ እሱ ያዘነበለ መሰለውና መጋዙን ከአንድ ልጅ እግር እጅ ተቀበለ።

ያን ጊዜ ልመናም ቢሆን ብዬ፣ እኔ ሰው የማልለምን ሰው፣ ለሴትዮዋ ከበሩ ፈቀቅ አልሁላትና እሜቴ፣ የሚቆርጡትን ነገር ግን መጀመሪያ እዪው አልኋት።

ቀረበች። እጇን ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ከላይ፣ የአዋቂ ከንፈር ከሚደርስበት፣ ቀስ ብላ ወደ ታች ወረደች። ከወገቧ ዝቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ጎድጓዳ አለ፤ እጇ ሳይፈልግ አገኘው። ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣ ከየት ደብር የመጣ ነው ብላ ጠየቀች። ነገርኋት።

«ይቺ የእኛ የልጆቹ ናት» አለች። «እናቴ፣ ላዩን አትድረሽበት፣ ያንቺ እዚህ ነው ትለኝ ነበር።»

የእኛው ደብር ልጅ ናት። በልጅነቷ ለጋብቻ ወደ ስማዳ ወርዳ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳ የቀረች ናት። ከዚያ ወዲህ ወደ እስቴ የተመለሰችበትን ጊዜ አታስታውስም። ጎንበስ አለችና ያቺን ታችኛዋን ጎድጓዳ ተሳለመች፤ ለመነሣት መቃኑን መያዝ ነበረባት። ማንም አልሳቀም። ይህን በር የሠራሁት እኔ ነኝ አልኋት።

አየችኝ። «የሠራው ሰውዬ የሞተ መስሎኝ ነበር» አለች።

አልሞትሁም አልኋት። ከዚያም ወደ ሰብሳቢው ዞራ መጋዙን አስቀምጥ ልጄ አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለእኔ ደግሞ ውኃውን እኛ እናመጣለን፣ ጭቃውን ግን አንቱ ይረግጡታል አለችኝ። ቄሰ ገበዙ አሜን አሉ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ጭቃውን ረገጥሁት። ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ከጭድ ጋር፣ ጎልማሶቹ እንተካዎ ሲሉኝ እንቢ ብዬ ረገጥሁት። ግንበኛው ድንጋዩን አወረደ፣ እኔ አቀበልሁት፤ የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ራሴ አስቀመጥኋቸው። ግንበኝነት ተምሬ አላውቅም፤ ግን ግንበኛው ራሱ እጅዎ ያውቃል አለኝ። ሴቶቹ ከገደሉ ሲወጡ እሷ ጀሪካኗን አውርዳ ባየችኝ ቁጥር የሆነ ነገር ሳትናገር አታልፍም፤ አንዴ እግርዎ የበሬ ይመስላል አለች፣ አንዴ ክንድዎ ረጅም ነው ርግጫዎ ግን አጭር ነው አለች። መቃኑ ገባ። ጆሮዎቹን ፈትቼ በጉድጓዳቸው አሳረፍሁና ጎልማሶቹን አርቄ በአንድ ጣት ገፋሁት። ያ ድምፅ ስማዳ ውስጥ ተሰማ። ስንዝርም ሆነ ጣት አልጎደለበትም።

የበዓሉ ዕለት ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ በሩን ከሩቅ አገር ላመጣልን ተብሎ ለሰብሳቢው ጋቢ ተደረበለት። ጭብጨባና እልልታ ሆነ። ጋቢውን ለብሶ ንግግር አደረገ፤ ሥራው ያለ ምንም እንከን ተከናወነ አለ። እኔ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቆሜ ነበር። ጋቢ አለኝ፤ ጋቢ አልጎደለኝም። ግን ያለ እንከን ሲል መጋዙ የት ገባ? ሰው የሚያየው የተሸከመውን መኪና ነው፤ ወይም ከተሸካሚዎቹ ፊት ፎቶ ያነሣውን። ይህንኑ ለቄሰ ገበዙ ነገርኋቸው፤ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። ያውቃል፤ ለሕዝቡም ቢነገር ግን አይከፋም ነበር።

ስሰናበት ሴትዮዋ እስከ ቅጥሩ በር ሸኘችኝ። ለመንገድ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አገጯን ቀስራ የእርስዎ ወገን ወደ ግራ ጎበጥ ብሏል አለችኝ። ተመልሼ የግንበኛውን ቱምቢ ተቀብዬ ጣልሁበት። አልጎበጠም። ቀጥ ያለ ነው። ዞር ስል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ነበር።

እስቴ እንደተመለስሁ ቤቴ ሳልገባ ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄድሁ። ዘንጌን እዚያ አገኘሁት። ከውጭ መሬት ላይ ተተክሎ የመስኮቱን የእንጨት ክዳን ወደ ላይ ደግፎ ይዟል። ከውስጥ ሰብሳቢው ጋቢውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ሰላም አላልሁትም። ዘንጌን ነቅዬ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና መንገዴን ቀጠልሁ። ክዳኑ ከኋላዬ ወርዶ ጓ አለ። የእኔ በር እንዲያ አይጮኽም።