«ገና» ላልቶ ሲነበብ

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ መምህራን በቪዲዮ ስንሰበሰብ፣ ሰብሳቢው ወጣት፣ «አባቶች፣ ድምፃችሁን ዝጉልኝ፤ ሐሳባችሁን ጻፉልኝና ጠቅልዬ አቀርባለሁ» አለን። እኔ አልዘጋሁም። ኔትወርክ ያጠናችው የልጅ ልጄ ኋላ አስረዳችኝ፦ ተሰብሳቢው ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ ምስሉንና ድምፁን ለእያንዳንዱ በቀጥታ ይልካል፤ ሲበዛ ግን መስመሩ ስለማይችል ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል ይልካሉ። ማዕከሉም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የተቀበለውን ሳይነካ ያከፋፍላል፣ ሌላው ሁሉን ቀላቅሎ አንድ አድርጎ ይመልሳል።

«ሁለተኛውን አውቀዋለሁ» አልኋት።

ቁይ በምትባል ትንሽ ከተማ ባስተማርሁበት ዘመን፣ ሁለተኛ ዓመቴ ይመስለኛል፣ አልምልም እንጂ፣ ስልካችን የሚያልፈው በደብረ ማርቆስ ማዕከል ብቻ ነበር። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ አይነጋገርም፤ የማዕከሉ ሠራተኛ እትዬ በላይነሽ የአንዱን ቃል ጽፋ ለሌላው ታነባለች። የትምህርት ሹሙ የመጨረሻ ክፍላችንን ወደ ማርቆስ ሊያዛውሩ አስበው፣ «መቼ ይሁን?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ ከሄደ፣ ማርቆስ ቤት መከራየት የማይችል ወላጅ ልጁ ከትምህርት ይቀራል። «ገና ነው» ብለን መለስን።

እትዬ በላይነሽ ቃሉን ስትሰማው ላልቶ ነበር፤ ጽሕፈት መላላትና መጥበቅን አይለይምና ከሰዓታት በኋላ ስታነብላቸው ግን አጠበቀችው። ሹሙም ለገና በዓል ወንበሮቹን የሚጭን መኪና አዘዙ።

የጤፍ አጨዳ ወቅት ነበር። የመኪናውን ወሬ ስሰማ፣ የባቄላ ቆሎ በኪሴ ይዤ፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ ለብሼ ማርቆስ ገባሁ። ሹሙ ለሥራ አማኑኤል ከተማ ሄደዋል።

«ቁይን፣ ሹሙንና እኔን፣ ሦስታችንንም ባንድ አገናኚን» አልኋት እትዬ በላይነሽን።

«ክልክል ነው! ድምፁም ይደክማል።»

«ይድከም፤ ብቻ የባለቤቱ ይሁን።»

«አንተ ልጅ፣ እንጀራዬን ልታዘጋ ነው የመጣኸው?» እያለች ገመዶቹን ሰካች።

የወላጆች ተጠሪ መሪጌታ ከቁይ ጮኹ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ጌታዬ፣ ‹ገና› ያልነው ላልቶ ነው!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው፣ መሪጌታ?» አሉ ሹሙ ከአማኑኤል።

«የጠበቀው በዓል ነው፤ የላላው እንቢታ ነው!»

ከዚያ ሹሙ፣ «እንግዲያው መኪናው ይቅር» አሉ። እትዬ በላይነሽ ግን ደንብ ጥሰሻል ተብላ ተገሠጸች መሰለኝ።

ክፍሉ በዚያ ዓመት ከቁይ አልተነሣም። ሌላውን እጠራጠራለሁ፤ ጭነት መኪና ነበር ወይስ አውቶቡስ? ጉድጓድ ያልሁትንስ ያኔ አሰብሁት ወይስ ዛሬ? ትዝታም ቀላቃይ ማዕከል ነው። የመሪጌታን ቃል ግን እንደ ወጣ ጽፌዋለሁ፤ ለማንም አልጠቀልለውም።