ጉድጓዱ ባዶ ያደረ ሰው

ሸዋነሽን የማውቃት ከአጥር ማዶ ነው። የእኛንና የእነሱን ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ስለሆነ ሳቋም ጠቧም ሳይጋበዝ ይገባል። ከዲላ ዋና አስፋልት ወደ ወንዙ ቁልቁል ሲወረድ ያለውን ያንን ግቢ ሰው ሁሉ «የጋራው» ይለዋል። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው። ማድቤቱ፣ የውሃ ሮቶው፣ ልብስ ማስጫው፣ ሰርግና ለቅሶ የሚስተናገድበት አዳራሽ ግን የሁሉም ነው። የመሬቱ ካርታ በነዋሪዎቹ ማህበር ስም ስለወጣ ማንም ቤቱን ገበያ አውጥቶ መሸጥ አይችልም። የሚወጣ ሰው ያዋጣውን ይዞ ይወጣል፤ ቤቱ ለሌላ ችግረኛ ይቀራል።

ሸዋነሽ የገባችው በጉልበቷ ነው። መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች የምታገኘው ከአፏ ስለማይተርፍ ድንጋይ ተሸከመች፣ ጭቃ ረገጠች፣ ለአዳራሹ ሥራ ውሃ ቀዳች። ያኔ ወጣት ነበረች። ሲሚንቶ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ትዘምር ነበር። ዛሬም ዝናብ ጣሪያዬን ሲመታ ያ ድምጿ ይመጣብኛል።

ከገንዘቡም ከጉልበቱም በላይ ግን አንድ ሥርዓት ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሲገባ ከማድቤቱ ጀርባ አንድ እንሰት ይተክላል። በጌዴኦ ምድር እንሰት የሌለው ሰው ቤት አለው አይባልም። እንሰቱ ሲደርስ ተነቅሎ ይበላል፤ ነገር ግን የዚያኑ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በጉድጓዱ ችግኝ መተካት አለበት። ጉድጓዱ ባዶ ካደረ ባለቤቱ ግቢውን ለቋል ማለት ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች እንዲህ አሉ፤ ማህበሩ ሲመዘገብም ቃሉን በደንቡ ላይ አሰፈሩት። ይህን የማያውቅ የግቢው ሰው የለም። ጉድጓዱን ባዶ ያሳደረ ስላልታየ ግን ወጣቶቹ እንደ ተረት ይስቁበት ነበር።

ከሚስቁት አንዱ ዘርዓብሩክ ነው። አባቱ ከመሥራቾቹ ነበሩ፤ ሲሞቱ እሱ ከሐዋሳ መኪናውን እየነዳ መጥቶ ቤቱን ወረሰ። የተማረ ነው፤ አንደበቱም ይጣፍጣል። ሊቀመንበር አደረጉት። መጀመሪያ መዋጮውን ለዘበኛ፣ ለብረት በር፣ ለቀለም እያለ ጨመረው። ቀጥሎ «በጉልበት መክፈል ቀርቷል፤ ዘመኑ የጥሬ ብር ነው» አለ።

ያ ውሳኔ መጀመሪያ የጣለው ሀዲጃን ነው። ሀዲጃ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። የግቢውን ልጆች ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር መዋጮዋን የምትችለው። ጥሬ ብር አምጪ ስትባል ከየት ታምጣ? ስብሰባ ተጠርቶ ውጪ ተባለች፤ ቤቷም ፈርሶ የመኪና መግቢያ ሆነ። የስፌት መኪናዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያም ወደ ጨለለቅቱ ከተማ ስትሄድ የግቢው ሰው በየበሩ ቆሞ ተመለከተ። እንሰቷ ብቻ በቦታው ቀረ። ሸዋነሽ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት።

«ሸዋዬ፣ ቀጥሎ ባንቺ ነው የሚመጣው» አለቻት ሀዲጃ።

«ይምጣ» አለች ሸዋነሽ። «ይምጣና እኔን ያግኘኝ።»

መጣ። ዘርዓብሩክ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሰብስቦ፣ «ከማድቤቱ ጀርባ ያለው እንሰት ሁሉ ይነሳ፤ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ከዚያ ለየቤቱ ካርታ እናወጣለን፤ የፈለገ በገበያ ዋጋ ይሸጣል። የካርታውን ወጪ የማይችል ደግሞ ያዋጣውን ተቀብሎ ይለቃል» አለ።

የማትችለው ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ግን የገበያ ዋጋ ሲባል የአንዳንዱ ዓይን በርቶ ነበር። ሸዋነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ።

«ሊቀመንበር፣ እኛ ያልተማርን ነን፤ ካላየን አይገባንም። አንተ የራስህን ንቀልና አሳየን። አንተ ከጀመርክ ማን ይቀራል?»

ዘርዓብሩክ ሳቀ። «አያችሁ! እትዬ ሸዋነሽ እንኳ ገብቷታል!»

«ዶማ ከሌለህ የኔን ላውስህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ቅዳሜ ጠዋት እጅጌውን ጠቅልሎ በእሷው ዶማ የአባቱን እንሰት ነቀለ። ጉድጓዱን ደፈነ፣ ጠጠር አፈሰሰበት፣ መኪናውን አምጥቶ ከላዩ አቆመ፤ በስልኩም ፎቶ አነሳው። ሸዋነሽ ውሃ ይዛ መጥታ እጁን አስታጠበችው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት እንደ እናት ነበር የምታፈስለት።

«አባትህ ቢያዩህ…» አለችው።

«ይኮሩብኝ ነበር» አለ።

ከሰዓት በኋላ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሥራ አልያዘችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ፀሐይዋን።»

በማግስቱ የሽማግሌዎቹን አንጋፋ፣ ጋሽ ወልደዮሐንስን፣ ይዛ መጣች። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተከተሉ። የግቢው ሰው ዙሪያውን ተቀመጠ፤ ነገሩ ሶንጎ ሆነ፤ የሽማግሌዎች ሸንጎ ማለት ነው። እዚያ የሚናገር ይናገራል እንጂ አይጮህም።

«ልጄ፣ ምን ተክለህ አደርክ?» አሉት ጋሽ ወልደዮሐንስ፣ በበትራቸው የመኪናውን ጎማ እየነኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የድሮ ወሬ ነው።»

«አባትህ ሲተክል ጉድጓዱን የቆፈርኩለት እኔ ነኝ። የድሮ ነኝ፤ እውነትህን ነው።»

ዘርዓብሩክ ሊሸጡ ወደቋመጡት ዞረ። መሬት መሬቱን አዩ። የእንሰቱ ቃል ውሸት ነው ካሉ የእነሱም ቤት የቆመበት ቃል ውሸት ሊሆን ነው። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና ፈረዱ፦ ሀዲጃ እንሰቷ ቆሟልና ከግቢው አልወጣችም፤ ዘርዓብሩክ በገዛ እጁ ወጥቷል። አቤት ለማለት በየመንግሥት ቢሮው ዞረ። «ደንባችሁ የሚለው ይሄንኑ ነው» አሉት። አባቱ ያዋጡት ተመለሰለት።

«የመኪናውን አንድ ጎማ አይገዛም» አለች ሸዋነሽ፣ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ጋሽ ወልደዮሐንስ ራሳቸው ሊያለዝቧት ሞከሩ። «ልጄ፣ አማኝ ነሽ። ይቅር በይው።»

«ይቅር ብዬዋለሁ ጋሼ። ቤቱን ግን አልመልስለትም።»

ቤቱ ለሀዲጃ ተሰጠ። ቁልፉን ዘርዓብሩክ በእጁ እንዲያስረክብ የጠየቀችው ሸዋነሽ ናት። ሀዲጃ ከጨለለቅቱ መጥታ ቁልፉን ተቀበለችውና ፊቱን አይታ፣ «እስኪ ግባ፣ ሻይ ጠጥተህ ትሄዳለህ» አለችው።

«አይጠጣም!» አለች ሸዋነሽ።

«ቤቱ የኔ አይደል?»

«የተባረርሽው አንቺ፣ የተቃጠልኩት እኔ! አይጠጣም አልኩ!»

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ሳይሰናበት ሄደ። ሀዲጃ ለቀናት ሸዋነሽን አኮረፈቻት።

እሱ አሁን ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተከራይቶ ይኖራል። ሸዋነሽ ገበያ ስትወርድ በዚያ የሚያሳልፋት ጉዳይ የለም፤ መንገዱ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ግን ሆን ብላ በዚያ ታልፋለች። አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩ። በሩ ላይ ጫማውን እየጠረገ አገኘነው።

«እንደምን አደርክ ዘርዓብሩክ? ደህና ነህ? አከራይህ ጨመረብህ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ ሸዋነሽ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ጥቂት ከራቅን በኋላ፣ «አሁንስ አይበቃሽም?» አልኳት።

ዘንቢሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ «ገና ነው» አለችኝ።