የታረቀኝ ጥርስና የእድሩ ጥሩንባ

ታረቀኝ የፊት ጥርሱን ያጣው በገዛ ጥሩንባው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ዝናብ ሲወርድበት ያደረውን ድንጋይ እየረገጠ፣ ጥሩንባውን ከአፉ ሳያወርድ ወደ ታችኛው መንደር ሲታጠፍ አዳለጠው። ጥሩንባው ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር፣ አፉ ከጥሩንባው ጋር ተጋጨ። ሲነሣ መጀመሪያ ያየው ጥሩንባውን ነው፤ ደኅና ነበር። ጥርሱን የፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር ታረቀኝን የማያውቅ የለም፤ ማለዳ ማለዳ ግን ማንም ባያየው ይመርጣል። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ቀን ቀን የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ይጠብቃል፣ የተቀደደውን ይሰፋል። ሰው ሲያርፍ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ መግቢያ እየቆመ ይነፋና፣ "እድርተኞች! እገሌ አርፈዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው!" እያለ ይለፍፋል። ሥራው የሐዘን ይሁን እንጂ እሱ ሳቂታ ነው። "የሞት መልእክተኛ ካኮረፈማ ማን ይችለዋል?" ይላል።

ሰፈሩን የሚያውቀው በሸኛቸው ሰዎች ነው። ጥግ ላይ ያለው ሱቅ አሁን ሞባይል ይጠገንበታል፤ ለታረቀኝ ግን ዛሬም የልብስ ሰፊው ደጃፍ ነው። የልብስ ሰፊውን ስም የጠራ ማለዳ ውሻቸው ከኋላው ተከትሎ ሰፈሩን አብሮት ዞሯል። ፎቅ የበቀለበት ቦታም ለእሱ የጠላ ሻጯ ግቢ እንደሆነ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ሲረሳቸው እሱ በዚያ ባለፈ ቁጥር በልቡ ስማቸውን ይጠራል።

ጥርሱ ከወለቀ በኋላ ግን ትንፋሹ በክፍተቱ እያመለጠ ጥሩንባው ጉንፋን እንደያዘው በሬ ያጓራ ጀመር። ይኼን ጊዜ ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጠው እንዳላማው ሜጋፎን ይዞ ብቅ አለ።

"ጋሽ ታረቀኝ፣ ይኼ ባትሪ እንጂ ጥርስ አይፈልግም!" አለው፣ እድርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት።

"ባትሪው ሲያልቅስ?"

"እቀይረዋለኋ!"

"እንግዲያው እኔም ጥርሴን እቀይረዋለሁ!"

ለአፍ መልስ ያህል የተናገረው ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ይሄይስ ግን ቃሉን ያዙበት። "መልካም። እስከ ሰኔው ጉባኤ እንዳላማው በሜጋፎኑ ይለፍፍ፤ አንተን እንጠብቅሃለን። ያን ጊዜ መንፋት ካልቻልህ ጥሩንባው ዕቃ ቤት ይገባል፤ ሜጋፎን ይተካዋል።" ጥሩንባው ለታረቀኝ ከአባቱ የወረደ ነው። ታረቀኝ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ጥምቀት እንዳለፈ ከሚስቱ ከዘቢደር ጋር ጥርስ ሐኪም ቤት ሄደ።

ዶክተር ዜማ ገና ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። የላይኛው መንጋጋው ውስጥ ብሎን ተከለችለት። "ጋሽ ታረቀኝ፣ አዲሱ ጥርስ የሚገጠመው አጥንትዎ ይኼን ብሎን ጨብጦ ከያዘው በኋላ ነው፤ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ጥሩንባ የለም። ጠዋትና ማታ በዚህ መድኃኒት ይጉመጥመጡ፣ ዙሪያውን በዚህ ለስላሳ ቡርሽ ያጽዱ። ቆሻሻ ከተቀመጠበት ድዱ ይቆጣል፤ ድዱ ሲቆጣ አጥንቱ ይሸሻል።"

"አጥንት ይሸሻል? ወዴት?"

"ወደ ላይ፣ ወደ አፍንጫዎ።"

"ተይ እንጂ ልጄ፤ የአፍንጫ ጥርስ ላወጣ ነዋ!"

እየተሳሳቁ ተለያዩ። ታረቀኝ ጥቂት ሳምንት እንደታዘዘው አደረገ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ታረቀኝ ሁዳዴን የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያውም አጥብቆ። የመጀመሪያዋን ሰኞ ጠዋት የመድኃኒቱን ክዳን ከፈተ፣ አሸተተ፣ መልሶ ገጠመው። መድኃኒቱ ከረሜላ ከረሜላ ይላል። ጣፋጭ ነገር በማለዳ አፉ ገብቶ እንዴት ጾመኛ ይባላል? ቡርሹንም ከጠርሙሱ ጎን አስቀመጠው። ማታ እጉመጠመጣለሁ ብሎ ነበር፤ ማታ ደግሞ ሽሮው በልቶት የማያውቀውን ያህል ይጣፍጠዋል፣ ከሽሮው ቀጥሎ እንቅልፍ ይመጣል፣ ጠርሙሱ ይረሳል።

"አንተ ሰውዬ፣ ጠርሙሱም ጾም ያዘ እንዴ?" ትለዋለች ዘቢደር።

"ከፋሲካ በኋላ አካክሰዋለሁ።"

በደብረ ዘይት ሳምንት ለክትትል ሄዱ። ዶክተር ዜማ ራጅ አነሣችውና ምስሉን አጉልታ አየችው።

"መድኃኒቱን እየተጉመጠመጡ ነው?"

"እንዳልሽኝ ነው ልጄ።"

"ዶክተር፣ አትስሚው!" አለች ዘቢደር። "ጠርሙሱ እንደ ጠበል ተከብሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።"

ዶክተሯ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው። በፊተኛው ምስል አጥንቱ ብሎኑን እስከ አንገቱ አቅፎታል። በዛሬው ግን ግራና ቀኙ ጎርፍ እንደበላው የማሳ ድንበር ተቦርቡሯል። የብሎኑ ጥርስ ራቁቱን ቀርቶ ይታያል።

"ቁስሉ ሲያገግም ጥቂት መሸሽ ያለ ነው" አለችው። "ይኼ ግን በዛ። በዚሁ ከቀጠለ ብሎኑ ይላላና አወጣዋለሁ። ለምን ተዉት?"

"ጾም ነዋ!"

"እኔም እጾማለሁ፤ ጥርሴን ቦርሼ ነው የመጣሁት። እኔን ካላመኑኝ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ዛሬውኑ ግን!" አለችና ድዱን በጥንቃቄ ጠርጋ ላከችው።

ታረቀኝ በመንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ዘቢደር ሰማይ ሰማዩን ስታይ እሱ ዕቃ ቤቱን፣ የተጠቀለሉትን ድንኳኖች፣ ከእነሱ በላይ አቧራ ለብሶ የተሰቀለ ጥሩንባ በሐሳቡ ያይ ነበር። ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ኪዳነ ማርያም ሄደ። አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው፤ ነገሩን ከነጠርሙሱ ተናዘዘ።

"ታረቀኝ፣ ጠዋት ፊትህን አትታጠብም?"

"እታጠባለሁ አባ።"

"ውኃው አፍህ ሲገባስ?"

"እተፋዋለሁ።"

"ይኼንንም ትፋዋ! የቆረብህ ዕለት ብቻ ተወው፤ ሌላውን ቀን ሐኪሟ እንዳለችህ አድርግ። ግን ንገረኝ እስቲ፤ ለትንሿም ለትልቋም ደጄን ስታንኳኳ የኖርህ ሰው፣ ይኼን እንዴት ሳትጠይቀኝ ቀረህ?"

ታረቀኝ መሬት መሬቱን አየ። "ይፈቅዱልኛል ብዬ ፈርቼ ነው።"

አባ መቋሚያቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "በል ተነሥ! ጾሙ ጥርስህን ጎዳው እንጂ ትዕቢትህን ጣፍጦታል። ቅጣትህ ይኼው ነው፤ በጠዋት በጠዋት ተጉመጥመጥ። ደግሞስ እኔ ያረፍሁ ዕለት በእንዳላማው ባትሪ ልሸኝ ነው?"

ከዚያን ቀን ወዲያ ታረቀኝ ማለዳ ግቢው መካከል ይቆምና፣ ጉንጩን እንደ ጥሩንባ ነፊ ነፍቶ፣ መድኃኒቱን አፉ ውስጥ እያገላበጠ አጥር ድረስ ይተፋዋል። ዶሮዎቹ ገና ጠርሙሱን ሲያዩ ይበተናሉ። ቡርሹን ማታ ከእጁ እስኪያስቀምጥ ዘቢደር መብራት አታጠፋም። ለፋሲካም ሥጋውን በጎን ጥርሱ ብቻ እያደቀቀ በላ፤ የቀረበለትን ጉርሻ ሁሉ በእጁ እየተቀበለ ስለነበር አማቶቹ ተቀየሙት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ዶክተር ዜማ አዲሱን ራጅ ከበፊቶቹ ጋር አስተያየችው። "የሸሸው አልተመለሰም፤ አይመለስምም" አለችው። "የቀረው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ብሎኑንም ጨብጦታል።" ታረቀኝ የሰማው "ጨብጦታል" የሚለውን ብቻ ነው። ግንቦት ሲጋመስ ጥርሱ ተገጠመለት። "ሲነፉ ቀስ እያሉ ይጀምሩ" አለችው።

እንዴት ይጀምር? በሰፈሩ የሚሞት ሰው ጠፋ። የታመሙት ተነሡ፣ ያረጁት ፀሐይ ላይ ወጥተው ይጫወታሉ። ለልምምድ ብሎ ቢነፋ ደግሞ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ የልብ ሕመም ያለበትም አይጠፋም። ጉባኤው እየቀረበ ነው። ጥርሱ እንደሚይዝለት ሳያውቅ በእድርተኛው ፊት እንዴት ይቆማል?

"ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሰው አልሞተልህም?" አለችው ዘቢደር።

"ሰው ይሙት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም!"

በማግስቱ ጥሩንባውን በጋቢው ጠቅልሎ ከከተማው ወጣ። ባሕር ዛፉን አልፎ፣ ከብት ከሚሰማራበት ሜዳ ማዶ፣ ሰው የማይታይበት ጉብታ ላይ ቆመ። ጥሩንባውን ከንፈሩ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ነፋ።

ድምፁ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ያ የጥንቱ ረጅሙ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ እያለ የሚወድቀው ድምፅ ሜዳውን አቋርጦ ገደሉ ውስጥ ገባና ተመልሶ መጣ። ታረቀኝ ጥርሱን በምላሱ ነካው፤ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ጉባኤው አሁኑኑ ቢጠራውም አይፈራም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ዳግመኛ ነፋ።

ዞር ሲል ከጉብታው ሥር ካለችው መንደር ሰው እየሮጠ ይወጣል። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እማማ ሽታዬ ይባላሉ።

"ማነው ያረፈው? ንገረን እንጂ!"

"ማንም አላረፈም እናቴ። ጥርሴን ልሞክር ብዬ ነው።" ከንፈሩን ገልጦ አሳያቸው።

እማማ ሽታዬ ተጠግተው አዩት። "አበስኩ ገበርኩ! ለአንድ ጥርስ ስትል ጎመኔን እሳት ላይ አስጥለኸኝ? ልቤን አፌ ውስጥ ከተትኸው እኮ!" አሉና ነጠላቸውን መልሰው አቀኑት። "መቼም ወጥተናል፤ ባዶ እጃችንን አንገባም። በል አንድ ጊዜ ለደስታ ንፋልን።"

ታረቀኝ ግራ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነፋ ለደስታ ነፍቶ አያውቅም። እንደለመደው ጀመረ፤ መጨረሻው ሊወድቅበት ሲል በሙሉ ትንፋሹ ወደ ላይ አነሣው። ደስ አሠኘው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ በሬዎቹ ሣራቸውን ትተው ቀና አሉ።

አንዱ ገበሬ ሲሸኘው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ጎበዝ ነህ ወንድሜ፤ ድምፅህ ይጣራል። ብቻ አደራህን፣ ወደ እኛ መንደር ብዙ አትመላለስ።"