በከርከዴ የዳነው ላቦራቶሪ

ነገሌ ቦረና ውስጥ ሎሚ ጎምዛዛ መሆኑን ለማወቅ ለሌላው ሰው ምላስ ይበቃዋል። ፍቅርአዲስ ግን ምላስ አታምንም። አባቷ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ጥይት በፍሬ ቆጥረው የሚያስረክቡ የግምጃ ቤት ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ እሷም ያልተለካ ነገር አይዋጥላትም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ሆና አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች።

አሲድ ሲነካው ቀይ የሚሆነውን ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት በምላጭ እየሰነጠቀች ለስድስት ክፍል ታዳርሳለች። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች የሚደርሳቸው የዝንብ እግር ያክላል።

አንድ ዓርብ ደብዳቤ መጣ። ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሙከራ የማይሠራበት ላቦራቶሪ ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ለሚሠራው ዩኒት ሊደር ቢሮ ይሆናል፣ ቴክኒሽያኗም ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች ይላል። ፍቅርአዲስ ሮጣ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ወረቀቱ ሁሉ ልክ እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀልቷል። ውድ ዕቃ በአንድ ቁልፍ ይቆለፍ የሚለውን የአባቷን ደንብ አክብራ፣ ክዳኑ ከሚያፈስ የአሲድ ጠርሙስ ጋር አንድ ላይ ቆልፋበት ኖሯል። እንፋሎቱ ሰማያዊውን አንድም ሳያስቀር ፈጀው።

ቅዳሜ ተክዛ ጋሽ ዓብዱሰመድ ሱቅ ጎራ አለች። ጉራጌው ባለሱቅ ብርጭቆ ይዘው ማን መረዘኝ እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ይረግማሉ። የቀዱት ቀይ የከርከዴ ሻይ አረንጓዴ ሆኖባቸዋል።

«ብርጭቆውን በምን አጠቡት?» አለች።

«በኦሞ ነዋ። በዘይት ልጠበው?»

«አለቅልቀውታል?»

ጋሽ ዓብዱሰመድ ወደ መንገዱ ዞረው የሚያልፈውን ባጃጅ ማየት ጀመሩ።

ፍቅርአዲስ ሎሚ ጨምቃ ጠብ አደረገችበት፤ ተመልሶ ቀላ። ባለሱቁ አሁንማ ይሸጣል ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ደፋችባቸውና ግማሽ ኪሎ ደረቅ ከርከዴ ገዝታ ሄደች።

ሰኞ አምስት ብርጭቆ ተደረደረ፦ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የማጋዶ ውሃና የኦሞ ውሃ። ማጋዶውን፣ ያንን ከሐይቅ የሚወጣ የከብት ጨው፣ ያመጡት ዘበኛው ኦቦ አረሮ ናቸው። ተቆጣጣሪው አቶ ኤርሚያስ ገብተው መጀመሪያ መስኮቱን በስንዝር ለኩ፤ ለመጋረጃ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛውን አይተው፣ ይሄ ጁስ ቤት ነው ወይስ ላቦራቶሪ ሲሉ ጠየቁ።

«አንቱ በመሣሪያዎ ይለኩ፣ እኔ በከርከዴ» አለች ፍቅርአዲስ። «ውጤታችን ከተለያየ ቁልፉን አሁኑኑ አስረክባለሁ።»

ሰውየው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ የመሰለ የፒኤች መለኪያ አወጡ። ሎሚው ውስጥ ሲነክሩት ሁለት ነጥብ አራት አለ፤ የእሷም ጠብታ ደም መሰለ። ኮምጣጤው ሦስት ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ የእሷም ቀይ ሆነ። የቧንቧው ውሃ ሰባት ከምናምን ሲል ከርከዴው ወይን ጠጅ ሆነ። ማጋዶው ጋ ሲደርሱ መሣሪያው ሁለቴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ነቀነቁት፣ ተፉበት፣ በሱሪያቸው አሹት። ባትሪው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ናት፤ እንኳን ነገሌ ሻሸመኔም አትገኝም። ቅጹ ደግሞ አምስት ውጤት ይፈልጋል።

ኦቦ አረሮ ከበሩ ሆነው፣ የኛ ላም ሳትለካም ትልሰዋለች አሉ።

አቶ ኤርሚያስ ማንንም ሳያዩ ማንጠብጠቢያውን አነሱ። ማጋዶው ቅጠል መሰለ። ደገሙት፣ ሠለሱት። ኦሞውንም ሞከሩ፤ አረንጓዴ። ከዚያ ወዲያ ኮታቸውን አውልቀው፣ የበረኪናውስ፣ የአመዱስ እያሉ እስከ ምሳ ሰዓት ቆዩ። ኦቦ አረሮን አመድ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ላኳቸው ይባላል፤ እሳቸው ሰባት ይሉታል።

በመጨረሻ ቅጹን ሞሉ። «የመለኪያ መሣሪያ» በሚለው ቦታ ጥቂት አሰቡና «ከርከዴ» ብለው ጻፉ፤ በሦስት ኮፒ፣ ከነማኅተሙ። ከሥሩም ላቦራቶሪው ሥራውን ይቀጥል አሉ።

ፍቅርአዲስ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሥራ ብርጭቆዎቹን ታጥብ ጀመር፤ እሷስ ደህና አድርጋ ታለቀልቃለች። ዩኒት ሊደሩ ዛሬም ቢሮው ግራሩ ሥር ነው። አየሩ ተስማምቶኛል ይላል፣ ፊቱም ወዝቷል።