ጠፍጣፋ ብዬ የጻፍኳት ልጅ

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ያኔ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ባለቤቱ ከረባት ያሰረ ሰው ይዞ መጣ። «የጭንቅላት ቅርጽ አይቶ የልጅን አእምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ነው» አለን። እኔ ደግሞ ሰውየው የሚለውን እንድጽፍ ታዘዝኩ።

ልጆቹን አሰለፈና በልብስ ሰፊ ሜትር ጭንቅላታቸውን ይለካ ጀመር። አውራ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ፀጉራቸውን ይገፋል፤ አገጫቸውን ይዞ እንደ ገበያ በግ ያዞራቸዋል።

«ሞላላ፣ ግንባረ ሰፊ። ጎበዞቹ ጋ።»

«አናቱ ሹል። ሰነፎቹ ጋ።»

የሰባት ዓመቷ ሶሬቲ ተራዋ ደረሰ። ከማጅራቷ በላይ ያለውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ከኋላ ጠፍጣፋ። ከዚች ብዙ አትጠብቁ» ብሎ ሳቀ። ጻፍኩ።

«ቲቸር፣ ጠፍጣፋ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምንም አይደለም፣ ሂጂ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን እናቷ እጇን ይዛ መጣች። የልጅቷን ሻሽ ስትፈታ ግንባሯ ዙሪያውን ሰንበር አውጥቷል።

«ክብ እንዲሆንልኝ ብላ ጭንቅላቷን በመቀነቴ ጥፍር አድርጋ አስራ አገኘኋት» አለችኝ። «ማሎ፣ እባክሽ ቲቸር፣ ሕፃን ሆና ታማ ለወራት በጀርባዋ ተኝታ ነው እንዲህ የሆነው። አእምሮዋ ምን አደረገ?»

ሁለቱንም ይዤ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ።

«ወላጅ እኮ ይወደዋል፣ ዘመናዊ ነገር ነው» አለ ሻዩን እያማሰለ። የልጅቷን ግንባር ቀና ብሎም አላየው። የጻፍኩትን ዝርዝር ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ እናትየው ፊት ቀደድኩት።

«ሥራሽን አትፈልጊውም?» አለኝ።

«እንዲህ ከሆነ አልፈልገውም» ብዬ ወጣሁ።

ወሬው ወላጆች ጋ ደረሰ። ተሰብስበው ሄደው ባለቤቱ ላይ ጮኹበት፤ በሳምንቱ ጎበዝና ሰነፍ ተብለው የተለዩት ልጆች እንደገና ተደባለቁ። ሰውየው ግን የሆነ ከተማ የሌላ ሰው ልጅ አገጭ ይዞ እያዞረ ይሆናል።

አሁን እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ የሚባል ሰፈር ነው የማስተምረው። ሶሬቲ መንገድ ላይ ስታየኝ ሮጣ ትጠመጠምብኛለች። ፀጉሯን ልዳብስ እልና እጄን እሰበስባለሁ። ያ ሰው አጭበርባሪ ነው፣ ከእሱ የምጠብቀው አልነበረኝም። እኔ ግን አስተማሪዋ ነበርኩ።