እናቴ ያስተማረችበት የቆርቆሮ አዳራሽ

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የእማዬ ስልክ ጠራና አነሣሁት፣ ከሰው ድምፅ በፊት የሰማሁት ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር። እኛ ሰፈር፣ አዲስ አበባ ለቡ መብራት ኃይል፣ ፀሐይ ነው፤ ዝናቡ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ስሟን ሳትነግረኝ አወቅኳት። ዘሪቱ ናት፣ ልጅ ሳለሁ እማዬ እንግሊዝኛ ያስተማረቻት የገጠር ልጅ። አሁን ያኔ በተማረችበት የቆርቆሮ አዳራሽ ራሷ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ልጆቹ በዝተውባት ክረምቱን እማዬ መጥታ እንድታግዛት ልትለምን ነው የደወለችው። እማዬም እሺ አለች! ይህ እሺታ ለምን እንዳስጨፈረኝ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ብዙው ግን ደስ የሚል አይደለም።

ሁለተኛ ክፍል ልገባ ስል ቤተ ክርስቲያናችን እማዬን በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ እያስተማረች ወንጌል እንድታገለግል ከሆሳዕና ወዲያ ወዳለ መንደር ላከቻት፣ አባዬ ሥራውን ይዞ ለቡ ቀረ፣ እኔ ተከተልኳት። ስንደርስ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው አዳራሽ ስታስተምር ዝናቡ ድምፅዋን ይውጠው ስለነበር ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ ትርጉሙን በእጇ እየሠራች ታሳየን ነበር። «ዝለል» ለማለት እዚያ ጭቃ ባበላሸው ወለል ላይ ስትዘል እንስቅባት ነበር። ማታ ግን እግሯን ታጥባ፣ ጥጓ ላይ ተቀምጣ፣ ኔትወርክ የሌለውን ስልክ ደጋግማ ታይ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ የእንሰቱ ቅጠል አቧራ መልበስ ሲጀምር ሌላ ችግር መጣ። እማዬ ትምህርት የምትጀምረው በጸሎት ነበር፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የየልጁን ቤተሰብ እየጠራች፣ ረጅም። አንድ ቀን «አሜን» ብላ ዓይኗን ስትገልጥ አግዳሚዎቹ ባዶ ሆነው እኔና ዘሪቱ ብቻ ቀርተናል። ልጆቹ የት ሄዱ ስትል ዘሪቱ ኮስተር ብላ መለሰችላት።

«ውሃ ሊቀዱ ነዋ፣ ቲቸር። ካልመሸ አይመለሱም። እኔ ጠዋት ቀድቻለሁ። ጨርሰሻል? እንጀምር?»

ከዚያ በኋላ እማዬ ጸሎቷን ከቤት እስከ አዳራሹ መንገድ ላይ እየተራመደች ትጨርስና እንደገባች ጠመኔዋን ታነሣ ጀመር። ትምህርቱ ከውሃው ሰዓት በፊት ስለሚያልቅላቸው ልጆቹ ተመለሱ፣ ታናናሾቻቸውንም አዝለው መጡ፣ እማዬም በዚያ በጋ እንዳማረባት መቼም አምሮባት አያውቅም።

ጥር ላይ የላኩን ሽማግሌዎች ከአዲስ አበባ ሊጎበኙን መጡ። ከኋላ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጸሎቱን ሲጠብቁ ትምህርቱ ተጀምሮ አለቀ። ልጆቹ ሲወጡ አንደኛው ረጋ ብሎ እንዲህ አላት።

«እህታችን፣ እንግሊዝኛውንማ ትምህርት ቤቱም ያስተምራል። አንቺን የላክንሽ ለዚህ ነው?»

እማዬ ስለ ውሃው፣ መንገድ ላይ ስለምትጸልየው ጸሎት ነገረቻቸው፤ እነሱም በትሕትና ሰሟት፣ ለእኔም ብስኩት ሰጡኝ። ፋሲካ ሳይደርስ «ተመለሱ» የሚል መልእክት መጣ። በሄድንበት ጠዋት ዘሪቱ መኪናው ድረስ የእማዬን ቦርሳ ተሸክማ መጥታ፣ ሳትሰናበተን ወደ አዳራሹ ሮጠች።

ለቡ ስንመለስ አባዬ ቤቱን ቀለም ቀብቶ ጠበቀን። እማዬ አላየችውም። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የልብስ ሱቅ ተቀጥራ፣ ጠዋት በታክሲ እየሄደች፣ ማታ እየመጣች፣ በቤታችን እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ጠፋ። የቤት ሥራ እንድታሳየኝ ስጠይቃት «አባትሽን ጠይቂ» ትለኝ ነበር፣ አባዬ ደግሞ ከእኔም አይሻልም። እሑድ በጉባኤ ጸሎት ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን እሷ ገልጣ ጣሪያውን ታይ ነበር፤ እኔ አጮልቄ ስለማይ አውቃለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር እየባሰባት፣ መስኮቱን ዘግታ ትተኛ ነበር። ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት።

ማክሰኞ የሱቁ ዕረፍቷ ስለነበር ቤት ነበረች፤ ስልኩን ስሰጣት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ዘሪቱ የምትለውን ሰምታ ሰምታ፣ «ማን ይልከኛል ብለሽ ነው?» አለቻት። ዘሪቱ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ እማዬ ግን ወንበሩን ስባ ቁጭ አለች፣ ከዚያ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

ያኔ ስንሄድ እጅ ጭነው ጸልየውልን፣ ዘምረውልን ነበር። አሁን የሚሸኘን አባዬ ብቻ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ገና አልሰሙም፣ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ያለፉት ዓመታትም አይመለሱም፣ እማዬ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ሌሎቹ ልጆች የት እንደደረሱ አናውቅም። ቢሆንም ትናንት ከሱቅ ስትመለስ ጠመኔ ገዝታ መጣች።

ዘሪቱ «ጓደኞችሽንም አምጪ» ብላኛለች። እናንተም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእኛ ጋር ኑ። እንግሊዝኛችሁ ጎበዝ ካልሆነ ግድ የለም፤ ፊደል የሚያስቆጥርም፣ ሕፃን የሚይዝም ያስፈልጋል። ቦቲ ጫማ ብቻ እንዳትረሱ፣ ጭቃው አይቻልም።